በታሸገው ሣጥን ውስጥ ያለው የሌላ ሰው ዕቃ፤ ስለ ስልክ አፕሊኬሽን ላይብረሪዎች አሰጣጥና አረካከብ

ገንዘብ በእጅ ስልክ መክፈል በሀገራችን እየተለመደ ከመጣ ወዲህ፣ ይልቁንም ቴሌብር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ በንግድ ላይ የተሠማሩ ብዙ ወገኖቻችን ሱቃቸውን ወደ ደንበኛው ስልክ ማስገባት ጀምረዋል። አስመጪው በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ፣ ላኪው የጭነቱን ጉዞ፣ ባለሱቁም የዋጋ ዝርዝሩንና የሒሳብ መቀበያውን በአፕሊኬሽን አማካይነት ያቀርባል። ለዚሁም ሥራ ገንዘብ ይከፍላል፤ ውል ይዋዋላል፤ የተሠራለትንም በስልኩ ላይ አይቶ ይረከባል። ሆኖም የተረከበው ነገር ከምን ከምን እንደ ተሠራ የሚጠይቅ ነጋዴ ከስንት አንድ ነው። ጨርቅ ወይም መለዋወጫ ሲያስመጣ ፓኪንግ ሊስቱን ከዕቃው ጋር አንድ በአንድ የሚያመሳክር ሰው፣ ስለ አፕሊኬሽኑ ሲሆን ግን ምንም ዝርዝር ሳይጠይቅ ይፈርማል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አፕሊኬሽን እንዴት እንደሚሠራ ለማስተማር አይደለም። በአፕሊኬሽኑ ውስጥ ከሚገቡት ክፍሎች መካከል ታሽገው የሚመጡት በምን አኳኋን እንደሚላኩ፣ በውስጣቸውም የሦስተኛ ወገን ሥራ ሲኖር ምን ችግር እንደሚያመጡ፣ ሻጩም ገዢውም ምን ሊያደርጉ እንደሚገባ በሚቻለው መጠን ለመግለጽ ነው። ነገሩ የባለሙያ ብቻ ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን በባለሱቁ ላይ ነው። በበዓል ዋዜማ አፕሊኬሽኑ ተከፍቶ ወዲያው ቢዘጋ፣ ደንበኛው የሚያማርረው ስሙን በሚያውቀው ሱቅ ላይ እንጂ ስሙን ሰምቶት በማያውቀው የላይብረሪ ሠሪ ላይ አይደለም።

አንድ አፕሊኬሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ሰው እጅ አይጻፍም። ገንዘብ የሚቀበለው ክፍል ከባንክ ወይም ከክፍያ ድርጅት፣ ካርታው ከሌላ ቤት፣ ከኢንተርኔት ጋር መልእክት የሚያመላልሰው ደግሞ ከሌላ ተገኝቶ ይገጣጠማል። እነዚህ ተዘጋጅተው የሚመጡ ክፍሎች ላይብረሪ ይባላሉ። ላይብረሪ በሁለት መልክ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው፣ ሠሪው የጻፈው ኮድ እንዳለ ሲሰጥ ነው፤ ተቀባዩ ያነበዋል፤ ቢፈልግም ያርመዋል። ሁለተኛው፣ ኮዱ አስቀድሞ ወደ መኪናው ቋንቋ ተለውጦ፣ በባለሙያዎች አነጋገር ኮምፓይል ተደርጎ፣ እንደ ታሸገ ሣጥን ሲሰጥ ነው። የሙያ ምስጢራቸውን ለመጠበቅ የሚፈልጉ ቤቶች ይህን ሁለተኛውን መንገድ ይመርጣሉ፤ ተቀባዩ ኮዱን እየነካካ እንዳያበላሸው ይከላከላሉና፤ የመገጣጠሙም ሥራ ይፈጥናል። ለአንድሮይድ ስልክ የሚሰጠው የታሸገ ላይብረሪ ኤ.ኤ.አር. የሚባል ፋይል ሲሆን፣ ለአይፎን የሚሰጠው፣ አፕል በ2019 ዓ.ም. ያወጣው፣ ኤክስ.ሲ. ፍሬምወርክ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በማሸጉ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው ሣጥኑን ያሸገው ቤት ራሱ በሌሎች ሰዎች ላይብረሪ ላይ ተደግፎ ሲሠራ ነው፤ ይህም ሁልጊዜ ነው ማለት ይቻላል። የክፍያ ላይብረሪ የሚሠራ ቤት ከኢንተርኔት ጋር የሚነጋገርበትን ክፍል እንደገና ከመጻፍ ኦኬ ኤች.ቲ.ቲ.ፒ. የተባለውን በነጻ የሚገኝ ላይብረሪ ይወስዳል፤ የሚላክለትን የመረጃ ጽሑፍ ለማንበብም የጉግልን ጂሰን ይወስዳል። የተወሰዱትም በተራቸው በሌሎች ላይ የሚደገፉ አሉ። ስለዚህ ነጋዴው አንድ ሣጥን ገዛሁ ሲል የብዙ ቤቶችን ሥራ በአንድ ዋጋ ገዝቶ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ሻጩ ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ወይ የሌሎቹን ዕቃ በራሱ ሣጥን ውስጥ አብሮ ያሽገዋል፤ ወይም ሣጥኑን በራሱ ሥራ ብቻ ሞልቶ «ይህ ላይብረሪ እንዲሠራ እነዚህ እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ እትማቸውም ይህ ነው» የሚል ዝርዝር አያይዞ ይልካል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ሁለተኛው መንገድ ደንብ ሊሆን ይገባዋል፤ ፊተኛው ግን በቂ ምክንያት ሲኖር ብቻ፣ ያውም ለገዢው በጽሑፍ ተገልጾ የሚደረግ ነው።

በአንድሮይድ በኩል ይህ ዝርዝር ፖም በሚባል ፋይል ላይ ይጻፋል። ላይብረሪው ማቨን በተባለው ሥርዐት በተደራጀ የኢንተርኔት መጋዘን ሲቀመጥ የኤ.ኤ.አር. ሣጥኑና ፖሙ ጐን ለጐን ይሆናሉ። የተቀባዩ መገጣጠሚያ መሣሪያ፣ ግሬድል የሚባለው፣ ፖሙን አንብቦ የጐደለውን ሁሉ ከየመጋዘኑ ራሱ ያስመጣል። ሁለት ሣጥኖች ያንኑ ላይብረሪ በተለያየ እትም የጠየቁ እንደ ሆነ፣ ግሬድል ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር ከፍ ያለውን እትም መርጦ አንዱን ብቻ ያስገባል። ይህ ምርጫ ፍጹም አይደለም፤ አዲሱ እትም በአሮጌው የነበረውን ነገር ጥሎ ከሆነ፣ በአሮጌው ላይ ተመሥርቶ የታሸገው ሣጥን ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ነገር ግን ዝርዝሩ የተጻፈ ስለ ሆነ ግጭቱ የት እንዳለ ይታያል፤ ባለሙያውም ሊያርመው ይችላል።

አሁን ደግሞ ይህንኑ ሣጥን ያለ ፖም እንደ ላኩት እንመልከት። ሻጩ የኤ.ኤ.አር. ፋይሉን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይልካል፤ ተቀባዩም በአፕሊኬሽኑ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ኤ.ኤ.አር. ፋይል የሚደገፍባቸውን ላይብረሪዎች ዝርዝር በራሱ ውስጥ አይዝም። ከዚህም የተነሣ ግሬድል ሊያስመጣው የሚገባ ነገር መኖሩን አያውቅም። የሚያስገርመው፣ አፕሊኬሽኑ ብዙ ጊዜ ያለ አንዳች ተቃውሞ ተገጣጥሞ ማለቁ ነው። ጕድለቱ የሚታወቀው ደንበኛው «ክፈል» የሚለውን ሲነካ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የተፈለገው ክፍል አይገኝምና አፕሊኬሽኑ ይዘጋል። ሞካሪው ያን ገጽ ሳይከፍት አልፎት እንደ ሆነ፣ ጕድለቱን መጀመሪያ የሚያገኘው ሒሳብ ሊከፍል የመጣው ሰው ይሆናል።

ከዚህ ጉዳት ለመዳን አንዳንድ ሻጮች ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ፤ ሁሉንም በአንድ ሣጥን ያጭቁታል። የአንድሮይድ መሥሪያ መሣሪያ ራሱ ይህን አይወድም፤ አንድ ኤ.ኤ.አር. በሚሠራበት ጊዜ ሌላ የኤ.ኤ.አር. ፋይል በቀጥታ እንዲጨመርበት ቢታዘዝ «ይህ አይደገፍም» ብሎ ይመልሳል። ሰው ግን መንገድ አያጣምና «ወፍራም ኤ.ኤ.አር.» የሚባለውን የሚያዘጋጁ ተጨማሪ መሣሪያዎች ተሠርተዋል። እንግዲህ አንድ አስመጪ ሁለት ሣጥን፣ አንዱን ለክፍያ ሌላውን ለካርታ፣ ገዛ እንበል፤ ሁለቱም ጂሰንን በሆዳቸው ይዘው መጡ። መገጣጠሚያው ያንኑ ስም ሁለት ጊዜ ሲያገኝ ሥራውን ያቆማል። ከሁለቱ አንዱን ከፍቶ ትርፉን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ሣጥኑ ግን የታሸገ ነው። የመጀመሪያው ሻጭ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን ይወቅሳል፤ ነጋዴው በመካከል ሆኖ የመክፈቻውን ቀን ያራዝማል። በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ በተሠሩት ክፍሎች ላይ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ሁለት ሣጥኖች አንድ ስም ያለው የማስኬጃ ፋይል ሲያመጡ፣ የቸኰለ ፕሮግራም ሠሪ መሣሪያውን «በመጀመሪያ ያገኘኸውን ውሰድ» ብሎ ያዘዋል። አፕሊኬሽኑ ይገጣጠማል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ሣጥኖች አንዱ ላልተሠራበት ማስኬጃ ተዳርጎ ይሄዳል፤ የሚወድቅበትም ቀን አይታወቅም።

የሌላውን ሥራ አብሮ ማሸግ የግድ ሲሆን አንድ የተሻለ ዘዴ አለ፤ እርሱም ስም መለወጥ ነው። በጃቫ ባለሙያዎች ዘንድ ሼዲንግ ይባላል። ሻጩ ጂሰንን በሣጥኑ ሲያስገባ የውስጥ ስሙን በራሱ ቤት ስም ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ሌላ ጂሰን ቢመጣ አይጋጭም። ዘዴው ማለፊያ ነው፤ ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። አፕሊኬሽኑ አንድ ዓይነት ነገር ሁለትና ሦስት ጊዜ ስለሚይዝ ይከብዳል፤ የኢንተርኔት ዋጋ ለሚቈጥብ ደንበኛም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኮዱ ውስጥ ስሙ እንደ ጽሑፍ ተጽፎ የሚፈለግ ክፍል ካለ ስሙ ተለውጧልና ላይገኝ ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን ስለ ጥበቃ ያለው ጕዳይ ነው። በተወሰደው ላይብረሪ ላይ ሌቦች የሚገቡበት ቀዳዳ ተገኝቶ የታረመ እትም ቢወጣ፣ ስሙ ተለውጦ የታሸገው ቅጂ አይታረምም፤ ስሙን አይቶ የሚፈልግ መርማሪ መሣሪያም ላያገኘው ይችላል። እርማቱን ሊያደርግ የሚችለው ያሸገው ቤት ብቻ ነው፤ ያ ቤት ቢተኛ ገዢው አብሮ ይተኛል።

ሻጩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። የላይብረሪው በር፣ ማለትም ገዢው የሚጠራባቸው ትእዛዞች፣ የሦስተኛውን ወገን ዕቃ ስም የሚጠሩ መሆን የለባቸውም። የክፍያ ላይብረሪ «ክፍያ ፈጽም» የሚለው ትእዛዙ የኦኬ ኤች.ቲ.ቲ.ፒ.ን ዕቃ ካልሰጣችሁኝ የሚል ከሆነ፣ ገዢው ሁሉ ከዚያ ላይብረሪ ጋር ተቆራኘ ማለት ነው፤ ሻጩም ነገ በሌላ ልለውጠው ቢል የደንበኞቹን ሁሉ አፕሊኬሽን ያፈርሳል። በውስጥ የሚሠራበት ሌላ፣ በበር የሚያሳየው ሌላ መሆን አለበት። ግሬድልም ሁለቱን ለይቶ የሚያስመዘግብበት ቃል አለው፤ ልዩነቱም በፖሙ ላይ ይጻፋል።

በአይፎን በኩል መልኩ ይለያል እንጂ ጭብጡ አንድ ነው። ሁለት ሣጥኖች የአንድን ሦስተኛ ላይብረሪ ቅጂ እያንዳንዳቸው በውስጣቸው ይዘው የመጡ እንደ ሆነ፣ እንደ አሠራራቸው ወይ ሲገጣጠሙ ስሙ ተደግሟል ተብሎ ሥራው ይቆማል፤ ወይም አፕሊኬሽኑ ሁለቱንም ይዞ ይነሣል። በዚህ በሁለተኛው ጊዜ፣ በኦብጀክቲቭ ሲ ቋንቋ የተሠሩ ከሆኑ፣ ስልኩ ይህ ክፍል በሁለት ቦታ እንደሚገኝ፣ ከሁለቱም አንዱ እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደሚሆን ግን አስቀድሞ እንደማይታወቅ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ለገንዘብ መቀበያ ይህን ማስጠንቀቂያ አይቶ ዝም የሚል ባለሙያ ካለ ሥራውን ባይሰጡት ይሻላል። የአፕል የጥቅል ማስመጫ መሣሪያ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ የታሸጉ ላይብረሪዎችን ይቀበላል፤ የታሸገው ጥቅል ግን በቀጥታ የራሱን ተደጋፊ ዝርዝር ሊይዝ አይችልም። ስለዚህ ልማድ ያላቸው ሻጮች ከሣጥኑ ጋር አንድ ትንሽ ግልጽ ክፍል ያዘጋጁና ዝርዝሩን በርሷ ላይ ይጽፋሉ። ይህን ያላደረገ ሻጭ ሣጥኑን ያለ ፓኪንግ ሊስት እንደ ላከ ይቈጠራል።

ይህ ሁሉ ሥጋት በሐሳብ ብቻ የተፈጠረ እንዳይመስል በአደባባይ ከታወቁት ነገሮች ጥቂቱን እንጥቀስ። በ2020 ዓ.ም. ሜይ 6 ቀን፣ ዳግመኛም ጁላይ 10 ቀን፣ ስፖቲፋይን፣ ፒንተረስትንና ቲክቶክን የመሳሰሉ ታላላቅ የአይፎን አፕሊኬሽኖች እንደ ተከፈቱ ወዲያው ይዘጉ ነበር። ምክንያቱ በውስጣቸው የነበረው የፌስቡክ ላይብረሪ ነበር። ላይብረሪው አፕሊኬሽኑ ሲነሣ ከፌስቡክ መኪናዎች መመሪያ ይቀበላል፤ በዚያ በኩል የተደረገው ለውጥ ላይብረሪውን ጣለው፤ እርሱም አፕሊኬሽኑን ይዞ ወደቀ። በፌስቡክ የማይገባ ደንበኛ እንኳ ከጉዳቱ አላመለጠም። የአፕሊኬሽኖቹ ባለቤቶች በዚያ ሰዓት ሊያደርጉት የቻሉት እምብዛም አልነበረም፤ ዐይናቸው በፌስቡክ ላይ ነበር።

ሁለተኛው የመጋዘን ነገር ነው። ጄይሴንተር የተባለው የላይብረሪ መጋዘን ለብዙ ዓመታት የአንድሮይድ ሠሪዎች ዋና ምንጭ ነበር። ባለቤቱ ጄይፍሮግ በ2021 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ አገልግሎቱን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ አዲስ ዕቃም መቀበል ቀረ። በፖማቸው ላይ ያንን መጋዘን ተማምነው የነበሩ ሁሉ ዕቃቸውን ወደ ማቨን ሴንትራልና ወደ ሌሎች ለማዛወር ተጣደፉ። እንግዲህ ዝርዝር መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የተዘረዘረው ዕቃ የሚገኝበት ቦታ ነገ ላይኖር ይችላልና። ጥንቃቄ ያለው ቤት የሚጠቀምባቸውን የሦስተኛ ወገን ላይብረሪዎች ቅጂ፣ ከነእትማቸው፣ በራሱ መጋዘን ያስቀምጣል።

ሦስተኛው ገና በብዙዎች ላይ ያልበረደ ነው። የጉግል ፕሌይ መደብር ከ2019 ዓ.ም. ኦገስት 1 ቀን ጀምሮ በመኪናው ቋንቋ የተሠሩ ክፍሎች ያሏቸው አፕሊኬሽኖች የ64 ቢት ቅጂ እንዲኖራቸው አዘዘ። ከ2025 ዓ.ም. ኖቬምበር 1 ቀን ጀምሮም አንድሮይድ 15ንና ከዚያ ወዲህ ያለውን ታስበው የሚቀርቡ አዳዲስ አፕሊኬሽኖችና እርማቶች 16 ኪሎባይት የማስታወሻ ገጽ ባላቸው ስልኮች ላይ እንዲሠሩ ደነገገ። ኮዱ በእጁ ያለ ሰው እንደገና ኮምፓይል አድርጎ ይገላገላል። የታሸገ ሣጥን የያዘ ሰው ግን ሻጩን መጠበቅ አለበት፤ ሻጩ ሥራውን ትቶ ሄዶ ከሆነ ላይብረሪውን አውጥቶ ሌላ ከመፈለግ በቀር መንገድ የለውም፤ እስከዚያ ድረስ የአፕሊኬሽኑን እርማት ወደ መደብሩ ሊያስገባ አይችልም። አፕልም በበኩሉ ስማቸውን ለይቶ በጠቀሳቸው የሦስተኛ ወገን ላይብረሪዎች ላይ ከ2024 ዓ.ም. ሜይ 1 ቀን ጀምሮ የደንበኛን ምስጢር አጠባበቅ የሚገልጽ ፋይል እንዲኖራቸው፣ ታሽገው የሚመጡትም የሠሪያቸው ፊርማ እንዲኖርባቸው ጠይቋል። ሻጩ ከእነዚህ አንዱን ሳይናገር በሣጥኑ ደብቆት ከሆነ፣ በመደብሩ በር ላይ የሚጠየቀው ገዢው ነው።

ስለ ፈቃድም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በነጻ የሚገኝ ላይብረሪ ሁሉ ያለ ግዴታ የሚገኝ አይደለም። ኤም.አይ.ቲ. እና አፓቺ የተባሉት ፈቃዶች የፈቃዱ ጽሑፍ ከዕቃው ጋር አብሮ እንዲሄድ ይጠይቃሉ፤ ይህም ቀላል ነው። ጂ.ፒ.ኤል. የተባለው ግን ከርሱ ጋር ተጣምሮ የሚሰራጨው ሥራ ኮዱ ጭምር እንዲሰጥ ያስገድዳል። ምስጢሩን ለመጠበቅ ሲል ሣጥኑን ያሸገ ቤት ይህን ሥራ በውስጡ ካስገባ ከራሱ ዓላማ ጋር ተጣልቷል፤ ያንኑ ሣጥን በአፕሊኬሽኑ አድርጎ ለሕዝብ ያሰራጨው ነጋዴም ከክርክሩ ውጭ አይሆንም።

የሶፍትዌር ሥራ ወደ አውሮፓ ገበያ ለሚልኩ ወገኖቻችን ይህ ዝርዝር ከእንግዲህ የመልካም ልማድ ጕዳይ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ዓ.ም. ዲሴምበር 10 ቀን የጸናው የሳይበር ደኅንነት ሕግ ሠሪው በምርቱ ውስጥ ያሉትን የሶፍትዌር ክፍሎች፣ ቢያንስ በቀጥታ የተደገፈባቸውን፣ መኪና ሊያነበው በሚችል ዝርዝር እንዲያዘጋጅ ያዛል። አብዛኛው ግዴታ የሚጸናው ከ2027 ዓ.ም. ዲሴምበር 11 ቀን ጀምሮ ነው። ለዚህ ዓይነት ዝርዝር ኤስ.ፒ.ዲ.ኤክስ. እና ሳይክሎን ዲ.ኤክስ. የሚባሉ የታወቁ ቅርጾች አሉ፤ የፊተኛው በ2021 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ጸድቋል። የቡናን ከረጢት ያለ ምስክር ወረቀት መላክ እንደማይቻል ለሚያውቅ ላኪ ይህ እንግዳ ነገር ሊሆንበት አይገባም።

ታዲያ ገዢው በውሉ ላይ ምን ያስጽፍ? ላይብረሪው በማቨን ወይም በአፕል የጥቅል ሥርዐት ከነዝርዝሩ እንዲቀርብ እንጂ ባዶ ፋይል እንዳይሰጠው ይጠይቅ። በሣጥኑ ውስጥ የታሸገ የሌላ ሰው ሥራ ካለ ስሙ፣ እትሙና ፈቃዱ ይጻፍ፤ ስሙ ተለውጦ እንደ ሆነም ይገለጽ። በተደጋፊ ላይብረሪ ላይ የጥበቃ ቀዳዳ ቢገኝ፣ ወይም ጉግልና አፕል አዲስ ደንብ ቢያወጡ፣ ሻጩ በስንት ቀን አዲስ ሣጥን እንደሚያቀርብ ይወሰን፤ ይህን ቍጥር ለመጻፍ የማይፈቅድ ሻጭ በዋጋው ቅናሽ ቢያደርግ እንኳ ቅናሹ ለገዢው አይጠቅመውም። ሻጩ ሥራውን ቢያቆም ኮዱ በሦስተኛ ሰው እጅ ተቀምጦ ለገዢው የሚተላለፍበትን ውል ማድረግም ይቻላል፤ ለትንሽ ሱቅ ይበዛበታል፤ ለትልቅ አስመጪ ግን አይበዛም።

አፕሊኬሽኑን አስቀድሞ የተረከበ ነጋዴም ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ለአንድሮይድ የተሠራለት ከሆነ ፕሮግራም ሠሪውን የግሬድልን የተደጋፊዎች ዝርዝር አትመህ ስጠኝ ይበለው፤ አንድ ትእዛዝ የሚያወጣው ወረቀት ስለ ሆነ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን በፎልደር ውስጥ በፋይልነት ብቻ የተቀመጡ የኤ.ኤ.አር. ሣጥኖች በዚያ ወረቀት ላይ አይወጡም፤ እነዚህ ለብቻቸው፣ ከማን እንደ መጡና መቼ እንደ ተሰጡ ተመልክቶ፣ በሌላ ወረቀት ተጽፈው እንዲቀርቡለት ይጠይቅ።